የአፍ ሽፋን አሳድጎ ጭስ መጋት፦ የቤተ ሙከራ አሠራር

ጀማሪ በዚህ ሥራ የሚፈራው ሕብረ ሕዋሱን ማሳደጉን ነው። ከጥቂት ወራት ልምምድ በኋላ ግን ሕብረ ሕዋሱ ይገራል፤ አልገራ የሚለው ጭሱ ነው። ሲጋራ ሲነድ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ከእነዚህ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። ገሚሱ ጋዝ ነው፣ ገሚሱ ደግሞ በጋዙ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ጠብታ፤ በዚያ ላይ በሰከንዶች ውስጥ እርስ በርሱ እየተዋሃደ ጠባዩን ይለውጣል። "ሴሎቹን ጭስ አጠጣናቸው፣ ሞቱ" ለማለት ብዙ ልፋት አያስፈልግም። የትኛው ጭስ? ስንት? ከዚያ ውስጥ ሴሉ ላይ የደረሰው ምን ያህሉ ነው? ሙከራው እነዚህን ካልመለሰ የማይክሮስኮፕ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር አይረባም።

መመሪያው የሴል ማሳደግ ሥራን መሠረታዊ ነገር ለሚያውቅ ሰው ነው። ፒፔት አያያዝና ንጽሕና አጠባበቅ ላይ አልቆይም።

1. መጀመሪያ ቦታውን ይምረጡ

"የአፍ ሕብረ ሕዋስ" የሚባል አንድ ነገር የለም። ድድና ጠንካራው ላንቃ ምግብ የሚፋተግባቸው በመሆናቸው የላይኛው ሽፋናቸው እንደ ቆዳ ጠጥሯል። የጉንጭ ውስጠኛው ገጽና ከምላስ በታች ያለው የአፍ ወለል ግን ለስላሳና እርጥብ ናቸው። የጉንጩ ሽፋን ወፍራም ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ደርሶ ሊያልፍም ይችላል። የአፍ ወለሉ ግን ስስ ነው፤ ኬሚካል ቶሎ ያሳልፋል፤ በአጫሾች ላይ የአፍ ካንሰር ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ነው። ስለዚህ በድድ ሞዴል ያገኙትን ውጤት "አፍ" ብለው አያጠቃልሉ።

ቀጥሎ የጉዳቱን ዓይነት ይወስኑ። ብግነት ከሆነ የሚፈለገው፣ ጭሱ ከገባ ከ24 ሰዓት በኋላ ናሙና መውሰድ ይበቃል። የዲኤንኤ ጉዳት ከሆነ በሰዓታት ውስጥ መድረስ ያስፈልጋል፤ ሴሉ ጠግኖት ሊያገኙት ይችላሉ። ቁስል መዳን ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል። ሁሉንም በአንድ ዙር ለመለካት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱንም በደንብ አይለካም።

2. ሴሉ ከየት ይመጣል

ምርጡ ከሰው የተገኘ ትኩስ ሴል ነው። የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ ስትነቀል ተቆርጦ ከሚጣለው ድድ ይገኛል። በእርግጥ የሰውየው የጽሑፍ ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ይቀድማል። ናሙናው የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊኖርበት እንደሚችል ቆጥረው ይያዙት። ዲስፔዝ በተባለ ኢንዛይም ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካደረ፣ የላይኛው ሽፋን በጥሩ መቆንጠጫ ሲይዙት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከሥሩ ይነሣል። ከልጣጩ ኬራቲኖሳይት (ሽፋኑን የሚሠራው ሴል)፣ ከቀረው ሥጋ ፋይብሮብላስት (ከሽፋኑ ሥር ያለውን ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ሴል) ያገኛሉ። ሰጪው አጫሽ ይሁን አይሁን መመዝገቡን አይርሱ። ይህን ሳይጠይቅ የሲጋራ ጥናት የሚጀምር ሰው አለ።

ትኩስ ሴል ጥቂት ጊዜ ተባዝቶ ያረጃል። ለዚህ ነው እንዳያረጁ የተደረጉ መስመሮች የሚያገለግሉት፤ ለምሳሌ ከአፍ ወለል የተገኘውና ቴሎሜሬዝ በተባለ ኢንዛይም ዕድሜው የተራዘመለት ኦኬኤፍ6። ቲአር146 የተባለው ደግሞ ከጉንጭ ካንሰር የመጣ ነው፤ ያለ ብዙ ጣጣ ተደራርቦ ያድጋል፣ ለማለፊያ (ምን ያህል ኬሚካል ዘልቆ ይገባል ለሚለው) ጥናትም ጥሩ ነው። ነገር ግን የካንሰር ሴል ነው። "ሲጋራ ጤነኛውን ሴል ወደ ካንሰር ያዞረዋል ወይ?" የሚል ጥያቄ ይዞ ከካንሰር ሴል መጀመር ግራ ነው። ገንዘብ ካለ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፤ ማቴክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ኤፒኦራልና ኤፒጂንጂቫል የታወቁ ናቸው፣ የመጀመሪያው ጉንጭን፣ ሁለተኛው ድድን ይመስላል።

መስመር ከተጠቀሙ ማንነቱን በዲኤንኤ አሻራ ያስመርምሩ፣ ማይኮፕላዝማም (ሴሉን ሳይታይ የሚበክል ባክቴሪያ) ያስፈትሹ። ይህን ምክር የሚንቅ ሰው ካለ የኬቢን ታሪክ ይንገሩት። ኬቢ በ1950ዎቹ ከአፍ ካንሰር የተገኘ ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት የአፍ ሴል ሆኖ ሲያገለግል ከቆየ በኋላ፣ ሄላ የተባለው የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ሴል ሆኖ ተገኘ። ስለ አፍ የተጻፉ ስንት ገጾች ስለ ማሕፀን ጫፍ ሆነው ቀሩ።

3. ሕብረ ሕዋሱን ማሳደግ

የሚያስፈልገው ዕቃ ኢንሰርት ነው፤ ከሥሩ ቀዳዳማ ስስ ሽፋን ያለው፣ በፕሌቱ (ባለ ብዙ ጉድጓድ የሴል ማሳደጊያ ሳህን) ጉድጓድ ውስጥ የሚንጠለጠል ትንሽ የፕላስቲክ ጽዋ። ሴሉ ከላይ ይቀመጣል፣ ምግቡን ከታች ይስባል።

ሀ. ከአይጥ ጭራ የወጣ ዓይነት 1 ኮላጅን፣ 10 እጥፍ የወፈረ ሚዲየም (የሴሉ ምግብ የሆነው ፈሳሽ) እና ፋይብሮብላስት በረዶ ላይ ያዘጋጁ። ኮላጅኑ በመጨረሻው ድብልቅ በሚሊ ሊትር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፋይብሮብላስቱ በሚሊ ሊትር 100,000 ያህል ይሁን። ኮላጅኑ አሲድ ስለሆነ ሴሉ ከመጨመሩ በፊት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ጠብታ ይስተካከላል። ዓይንዎ ከቀለሙ አይነሣ፦ ድብልቁ መጀመሪያ ቢጫ ነው፣ ከዚያ ብርቱካን ይሆናል፣ ከዚያ ፈዘዝ ያለ ሮዝ። እዚያ ላይ ያቁሙ። ወደ ወይን ጠጅ ከሄደ አልፏል፤ ይድፉትና እንደገና ይጀምሩ፤ አሲድ ጨምሮ መመለሱ የሚሠራ ይመስላል እንጂ አይሠራም። ፈጠን ይበሉ፣ አረፋም አያስነሡ።

ለ. ወደ ኢንሰርቱ አፍስሰው በ37 ዲግሪ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ይረጋል። አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ ፋይብሮብላስቶቹ ኮላጅኑን እየጎተቱ ያኮማትሩታል፤ ትንሽ መጠበብ ደግ ነው፣ ከግድግዳው ተላቆ መሐል ላይ እንደ ምስር ፍሬ ከተኮማተረ ግን ሴሉ በዝቷል።

ሐ. ኬራቲኖሳይቱን በላዩ ይዝሩ፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 500,000 ያህል። እስከዚህ ድረስ ኬራቲኖሳይቱ ያደገው ካልሲየሙ ዝቅ ባለ ሚዲየም (0.1 ሚሊ ሞላር አካባቢ) ነው፤ ዝቅተኛ ካልሲየም እንዲባዛ ያደርገዋል። አሁን ከ1.2 ሚሊ ሞላር በላይ ያድርሱት፤ ይህ ሴሎቹ እርስ በርስ እንዲያያዙና እንዲደራረቡ የሚያደርግ ምልክት ነው። በፈሳሽ ተሸፍነው ሁለት ሦስት ቀን ይቆዩ።

መ. አሁን የላይኛውን ፈሳሽ ሙሉ በሙሉ ያንሡ። የታችኛው ፈሳሽ ከቀዳዳማው ሽፋን ጋር ብቻ ይገናኝ፤ ከዚያ ከፍ ካለ ከጎን እየሰረገ ላዩን ያጥለቀልቃል። ኢንሰርቱን ሲያስቀምጡ ዘመም አድርገው ያስገቡት፤ ቀጥ ብሎ ከወረደ ከሥሩ የአየር አረፋ ይይዛል። አረፋው ያለበት ቦታ ምግብ አያገኝም፤ ከአሥር ቀን በኋላ ሲቆረጥ መሐሉ ላይ የሞተ ክብ ይታያል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ወደ ሲጋራው ይላከካል።

ሠ. በየሁለት ቀኑ ሚዲየም እየቀየሩ፣ አስኮርቢክ አሲድ በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮ ግራም እየጨመሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ያሳድጉት። አስኮርቢክ አሲዱ ፋይብሮብላስቱ የራሱን ኮላጅን እንዲሠራ ይረዳዋል።

ቲአር146 የመረጠ ሰው ፋይብሮብላስቱንና ኮላጅኑን ትቶ በቀጥታ ቀዳዳው 0.4 ማይክሮ ሜትር በሆነ ኢንሰርት ላይ መዝራት ይችላል።

4. ሳይጨስ በፊት ፍተሻ

ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ኢንሰርት ለቁርጥ ይሠዉ። እንዳይበላሽ በ10 በመቶ ፎርማሊን ተነክሮ፣ በሰም ተቀብሮ፣ በ4 ወይም 5 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ሲቆረጥ ከታች ቀጥ ብለው የተሰለፉ መሠረታዊ ሴሎች፣ ወደ ላይ ጠፍጣፋ እየሆኑ የሚሄዱ ረድፎች መታየት አለባቸው። ጉንጭ ከሆነ ኬራቲን 13 የተባለውን ፕሮቲን፣ ድድ ከሆነ ኬራቲን 10ን ይፈልጉ። የተቀሩትን ሳይገድሉ በኤሌክትሪክ መቋቋም አቅማቸው ይለዩ፦ ሞቅ ያለ ፈሳሽ ከላይ ጨምረው ይለኩ፣ የባዶ ኢንሰርቱን ቁጥር ይቀንሱ፣ በስፋቱ ያባዙ። ከዙሩ አማካይ በጣም የራቀ ቢገኝ ከጭሱ በፊት ይውጣ። ከጭሱ በኋላ ማውጣት ማጭበርበር ነው።

5. ጭሱ

ከሱቅ የተገዛ ሲጋራ ዛሬና ከስድስት ወር በኋላ አንድ ላይሆን ይችላል፤ አምራቹ ቅይጡን ሲለውጥ ለእርስዎ አይነግርም። ለምርምር አንድ ወጥ ሆኖ የሚሠራ ማጣቀሻ ሲጋራ የሚያቀርበው የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለዓመታት ያገለገለው 3አር4ኤፍ ነበር፣ ቦታውን 1አር6ኤፍ ወስዷል። ሲጋራው ከመለኮሱ በፊት በ22 ዲግሪና በ60 በመቶ እርጥበት ቢያንስ 48 ሰዓት ይቀመጥ። የደረቀ ሲጋራ ፈጥኖ ይነዳል፣ ጭሱም ሌላ ነው።

አሳሳቡም ደንብ አለው። የቆየው የአይኤስኦ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ደንብ በየደቂቃው አንዴ፣ ለ2 ሰከንድ፣ 35 ሚሊ ሊትር መሳብ ነው። ጠንከር ያለው የጤና ካናዳ (የካናዳ የጤና መሥሪያ ቤት) ደንብ 55 ሚሊ ሊትር በየ30 ሰከንዱ ይስባል፤ በማጣሪያው ዙሪያ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎችም በፕላስተር ይደፍናል። አጫሽ ሳያውቀው ቀዳዳዎቹን በከንፈሩና በጣቱ ስለሚሸፍን እኔ የሁለተኛውን እመርጣለሁ። የትኛውንም ይምረጡ፣ መምረጥዎን ይጻፉት።

ጭሱን ለሕብረ ሕዋሱ የማቅረቢያ መንገዱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ዝቃጩ ነው። ጭሱ ካምብሪጅ በሚባለው የመስታወት ቃጫ ማጣሪያ ያልፋል፤ ማጣሪያው በፊትና በኋላ ይመዘናል፤ የተያዘው ዲኤምኤስኦ በተባለ አሟሚ ፈሳሽ ይታጠባል። በሚሊ ግራም ስለሚታወቅ ለመጠን ምቹ ነው፣ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል። ጉድለቱ ጋዙ ሁሉ ማምለጡ ነው፦ አክሮሊን፣ ፎርማልዴሃይድ፣ ሃይድሮጅን ሳያናይድ። የአፍን ሽፋን ቀድሞ የሚለበልበው ደግሞ ብዙው ይኸው ነው።

ሁለተኛው እኛ በአጭሩ "የጭስ ውሃ" የምንለው ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሠራውም ይህንን ነው። አሠራሩ፦ ሴረም (ከደም የሚወጣ በፕሮቲን የበለጸገ ፈሳሽ) የሌለበት 10 ሚሊ ሊትር ሚዲየም አረፋ ማስወጫ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩ። ሴረም ካለበት ፕሮቲኑ አክሮሊኑን ቀድሞ ይይዘዋል። ከጠርሙሱ ጋር ባለሦስት መንገድ ቧንቧና 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያገናኙ። ሲጋራውን ለኩሰው በሰዓት ቆጣሪ እየሳቡ፣ እሳቱ ከማጣሪያው መጠቅለያ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ያቁሙ። ፈሳሹ ወደ ቢጫ ቡኒ ይዞራል፤ ጠርሙሱ አንገት ላይ የሚጋገረው ሙጫ መሰል ነገር ለመለካት የጠፋ ጭስ ነው፣ ስለዚህ ቱቦውን ያሳጥሩ። ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) 7.4 ያድርሱ፣ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ያጣሩ፣ በ320 ናኖ ሜትር የብርሃን መምጠጡን ይለኩና ይመዝግቡ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጠቀሙበት። ይህ "100 በመቶ" ይባላል፤ ከዚያ ወደ 10፣ 5፣ 2.5፣ 1 በመቶ ይቀጥናል። መቶኛው ግን ያታልላል፦ አንዱ አንድ ሲጋራ በ10 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው በ25 ሚሊ ሊትር አሳልፎ ሁለቱም "5 በመቶ" ይላሉ። ለዚህ ነው የ320 ናኖ ሜትሩ ቁጥርና የኒኮቲን መጠኑ አብረው መጻፍ ያለባቸው።

ሦስተኛው ሙሉ ጭስ ነው፦ ማሽን ያጨሳል፣ ጭሱ በአየር ቀጥኖ ራቁቱን በተቀመጠው ሕብረ ሕዋስ ላይ ያልፋል። አፍን የሚመስለው ይህ ነው፤ ሞዴሉን ወደ አየር ያወጣነውም ለዚህ ነበር። እንደ ቪትሮሴል ያሉ የማጨሻ ክፍሎች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የደረሰውን መጠን ለማወቅ ከኢንሰርቶቹ አንዱ ቦታ ላይ ክሪስታል ሚዛን (ያረፈበትን ጠብታ ክብደት የሚለካ መሣሪያ) ያስቀምጡ፤ ከሌለ ጨው ውሃ ያለበት ባዶ ኢንሰርት አኑረው በኋላ ኒኮቲኑን ያስለኩ። በመንገዱ ላይ ካምብሪጅ ማጣሪያ ሲያስገቡ ደግሞ ጋዙ ብቻ ያልፋል፤ ጉዳቱ ከጋዙ ይሁን ከጠብታው በአንድ ቀን ይለያል። ከዚህ ሁሉ የምወደው ሙከራ ይህ ነው።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር፦ ሲጋራው የሚነደው የኬሚካል ጭስ በሚስበው ካቢኔ ውስጥ ነው። ለሴል ሥራ የምንጠቀምበት ካቢኔ አብዛኛውን አየር መልሶ ያዞራል፤ ማጣሪያው ብናኝ እንጂ ጋዝ አይዝም። በዚያ ውስጥ ያጨሰ ሰው ራሱንም፣ የጓደኛውንም ሴል ያጨሳል።

6. ማነጻጸሪያዎቹ፣ ከአንድ ስሕተት ጋር

መጀመሪያ የሠራሁትን ሙከራ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ማነጻጸሪያውንም 10 በመቶውንም ቦታ ለመቆጠብ በአንድ ባለ24 ጉድጓድ ፕሌት ደረደርኳቸው። በማግሥቱ ምንም ጭስ ካልነካቸው ጉድጓዶች ውስጥ አጠገቡ ያሉት ተጎድተው፣ የራቁት ደህና ሆነው አገኘኋቸው፤ እንደ ደረጃ በተርታ። ሦስት ጊዜ ደግሜ ፒፔቱን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ የፒፔቱ አልነበረም፤ ተናኙ ኬሚካል ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ በክዳኑ ሥር ይሻገር ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መጠን በየራሱ ፕሌት፣ ከተቻለም በየራሱ ኢንኩቤተር ነው።

የሚያስፈልጉት ማነጻጸሪያዎች፦ ከኢንኩቤተር ያልወጣ ሕብረ ሕዋስ፤ በጭስ ፈንታ ንጹሕ አየር በተመሳሳይ ሰዓትና ፍጥነት ያገኘ (አየሩ ራሱ ያደርቀዋልና)፤ ዝቃጭ ከሆነ ዲኤምኤስኦ ብቻ ያገኘ፤ ሆን ተብሎ ትራይተን በተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል (1 በመቶ) የተገደለ። ኒኮቲን ብቻውን የሚሰጠው አንድ ቡድን ቢጨመር ደግሞ ብዙ ክርክር ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ለኒኮቲን ስለሚሰጥ።

የመጠኑን መሰላል በሞት አይጀምሩ። መጀመሪያ ሰፊ ፍተሻ አድርገው ከ80 በመቶ በላይ ሴል በሕይወት የሚተርፍበትን መጠን ያግኙ፤ የብግነቱም የጂኑም ጥናት የሚሠራው እዚያ ነው። ከሞተ ሴል የሚገኘው ዜና መሞቱ ብቻ ነው።

7. መለኪያው

ኤምቲቲ የተለመደው የሕይወት መለኪያ ነው፦ ሕያው ሴል ይህን ቢጫ ቀለም ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፣ በ570 ናኖ ሜትር ይነበባል። ወጥመድ ግን አለው፤ በጭሱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች ያለ ሴልም ቀለሙን ይለውጡታል፣ ቡኒው ቆሻሻም ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። በበረዶ የተገደለ ሕብረ ሕዋስ ጭሱን አጠጥተው ኤምቲቲ ይስጡት፤ ቀለም ካሳየ ያንን ቁጥር ይቀንሱ። ሴሉ ሲጎዳ የሚያፈስሰውን ኤልዲኤች የተባለ ኢንዛይም አብሮ መለካት ጥሩ ማመሳከሪያ ነው።

ጭሱ መድረሱን የሚመሰክረው ሲዋይፒ1ኤ1 የተባለው ጂን ነው። በጭሱ ያሉት ባለብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖች ያስነሡታል፤ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልተነሣ ሴሉን ሳይሆን የጭሱን መንገድ ይመርምሩ። ኤችኤምኦክስ1 የተባለው ጂን ደግሞ የኦክስጅን ጫናውን ያሳያል።

ለብግነት ከታችኛው ሚዲየም ኢንተርሉኪን 8 (ሴሉ ብግነትን ለመጥራት የሚለቀው ፕሮቲን) ይለካል። ከፍ ይላል ብለው ሲጠብቁ ዝቅ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፦ ወይ ሴሉ ሞቷል፣ ወይ ጭሱ ፕሮቲኑን ራሱን አበላሽቶ መለኪያው አላወቀውም። መጠኑ የታወቀ ኢንተርሉኪን 8 በጭስ ውሃው ውስጥ ጨምረው መልሰው ይለኩ፤ ካልተመለሰ ችግሩ የመለኪያው ነው።

ለዲኤንኤ ጉዳት ጋማ ኤች2ኤኤክስን (ዲኤንኤ የተሰበረበትን ቦታ የሚጠቁም ፕሮቲን) በቁርጥ ላይ ማቅለም ይቻላል፤ በየትኛው ረድፍ ላይ እንዳለ መታየቱ ጥቅሙ ነው። ከላይ ባሉት ሊረግፉ በተዘጋጁት ሴሎች ላይ ያለ ጉዳትና ከታች በሚባዙት ላይ ያለው እኩል አይደለም። ኪ-67 የተባለው ፕሮቲን የሚባዙትን ያሳያል። ቁርጡን የሚቆጥረው ሰው የትኛው ጭስ እንዳገኘ አይወቅ።

ቁስል ከፈለጉ በ2 ሚሊ ሜትር መብሻ ሽፋኑን ብቻ ብሱ፣ ጠርዞቹ እስኪገናኙ በየ12 ሰዓቱ ፎቶ ያንሡ።

8. ስንት ይበቃል

ከአንድ ሰው ድድ፣ በአንድ ቀን የተሠሩ ሦስት ኢንሰርቶች ሦስት ማስረጃ አይደሉም፤ አንድ ማስረጃ ሦስት ጊዜ የተለካ ነው። ቢያንስ ሦስት ሰጪ፣ ከእያንዳንዱ ሦስት ኢንሰርት፣ በተለያየ ቀን በተዘጋጀ ጭስ። ስሌቱ ላይ የሚገባው የሰጪው ቁጥር ነው።

9. ሞዴሉ ያልያዘው

ይህ ሽፋን ምራቅ የለውም። ምራቅ ጭሱን ያጥባል፣ በፕሮቲኑም ገሚሱን ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ቡድን ላይ ስስ የተጣራ የሰው ምራቅ ቀብተው ማጨስ የሚያዋጣ ልፋት ነው። የደም ሴልም፣ የአፍ ባክቴሪያም የለበትም።

ጊዜውም አይገናኝም። በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስና ከእያንዳንዱ 10 ጊዜ የሚስብ ሰው በቀን 200 ጊዜ፣ ለዓመታት አፉን ያጥናል። የእኛ ሽፋን ብዙውን ጊዜ አንድ ጠዋት ብቻ ይጨሳል። ወደዚያ ለመቅረብ መጠኑን ዝቅ አድርጎ በሳምንት ሦስት ቀን ለሁለት ሦስት ሳምንት መደጋገም ይቻላል፤ ነገር ግን ከአንድ ወር በኋላ ሽፋኑ ጭስ ባያይም በራሱ ይሳሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የመቁረጫ ቀን አየር ብቻ ያገኘ እኩያ ኢንሰርት አብሮ ይቆረጥ፤ አለዚያ እርጅናውን በሲጋራው ያሳብባሉ።